በራችን ላይ የተተከለው ድንኳን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የሰፈራችን መንገድ መድረቅ ሲጀምር ነው። ዛሬም ከሱቅ ስመለስ፣ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤታችን የሚያስገባውን መታጠፊያ ሳይ ቆም እላለሁ። ታሪኩን ሳወራው ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ለማንም ያላወራሁት አንድ ነገር ውስጤ ቀርቷል፤ ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። የቤተሰቤንና የጎረቤቶቼን ስም ቀይሬዋለሁ።

ኮልፌ ውስጥ መጋረጃ እየሰፋሁ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤታችን ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ደም ግፊቱ ሲያስቸግረው መሪውን ትቶ ቤት የዋለ ሰው ነው። አንድ ልጅ አለችን፤ ሩት። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የጀመረችው በቅርቡ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ ሩት፣ “እማዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር የሙዚቃ ፌስቲቫል ልንሄድ ነው። ሐይቅ ዳር ነው። እዚያው ነው የምናድረው” አለችኝ።

“የት ነው የምታድሩት? ሆቴል?”

“ኧረ ሆቴል የለም። ድንኳን ተክለን ነው። ካምፒንግ።”

እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። እኔ ድንኳን የማውቀው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ። ቤት ያለው ሰው፣ አልጋ ያለው ሰው፣ ወዶ ሜዳ ላይ ያድራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ጅብ ቢመጣስ? ሐይቁ ውስጥ ገብተው አንዷ ብትሰምጥስ? ጠጥቶ የሚነዳ ሰካራም ድንኳኑ ላይ ቢወጣባቸውስ? በነጋ በጠባ አንድ አዲስ ፍርሃት አገኝና ቁርስ ላይ አቀርብላታለሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ነገር ሳይመጣ ቀድሜ ወጥቼ የምቀበል ሰው ነኝ።

ጌታቸው ግን ደስ አለው። ለካ መንገድ ናፍቆት ኖሯል። ልጆቹ በሦስት መኪና እንደሚሄዱ ሲሰማ ሁሉንም ወደ ቤት ጠርቶ ያስተምራቸው ጀመር። “መኪናችሁን ስታቆሙ አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንዴ ሲወጣ መዞሪያ አታገኙም” ይላቸዋል። እነሱም በጥሞና ይሰሙታል። ችግራቸው ቦታው ነበር። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ቡድን በገመድ የታጠረ ቦታ ይሰጣሉ፤ ድንኳኑም መኪኖቹም እዚያችው ውስጥ መግባት አለባቸው። ያልበቃው መኪናውን ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ትቶ ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣል።

ትልቁ ችግር ግን ድንኳን ነበር። የሚያከራዩት ሁሉ አከራይተው ጨርሰዋል። ይህን ስሰማ በልቤ ተመስገን አልኩ። “ድንኳን ከጠፋማ እግዜር አልፈቀደውም ማለት ነው፤ ቅሩ” አልኳት ሩትን። ከዚያ በኋላ በእኔ ፊት ስለ ጉዞው ማውራት አቆሙ። የተዉት መስሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሱቅ ሆኜ እየሰፋሁ መብራት ሄደ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራ፤ ዘግቼ ወደ ቤቴ ለመሄድ ታክሲ ያዝኩ። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ገብቼ አላውቅም።

ከታክሲው ስወርድ ፌርማታው ላይ እትዬ አስካለ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ከመታጠፊያው ወዲህ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከበራቸው አይርቁም። ያን ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሚወርደው ሰው መካከል በዓይናቸው ይፈልጋሉ። አጠገባቸው ሌላዋ ጎረቤታችን ጽጌ አለች። ሲያዩኝ ሁለቱም ደነገጡ።

“እንደምን ዋሉ እትዬ? ምነው በዚህ ፀሐይ ወጡ?” አልኳቸው።

“ምንም አይደል ልጄ። ነይ እስቲ፣ እኔ ቤት ትንሽ አረፍ በይ። ውሃም ጠጪ።”

ጽጌ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ወሰደችው።

በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየውን በሰበብ ወደ ቤት ያስገቡታል፣ ያስቀምጡታል፣ እህል ውሃ ያስቀምሱታል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው “ነይ አረፍ በይ” ብዬ አስገብቻለሁ። የስንቷን ቦርሳ ተቀብያለሁ። ቃሉን ከነአነጋገሩ አውቀዋለሁ።

“እትዬ፣ ማነው?” አልኳቸው።

“ኧረ ማንም አይደለም፤ ምን ሆነሻል አንቺ?” አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ስልኬን አውጥቼ ሩት ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ጌታቸው ጋ ደወልኩ። እሱም አይነሳም። እንደገና ሩት ጋ ልደውል ስል እትዬ አስካለ እጄን ከነስልኩ በሁለት እጃቸው ያዙት። “ተይው ልጄ። ስልክ ምን ያደርግልሻል” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው በቁሜ የሞትኩት። እጄን መንጭቄ ሄድኩ። ሮጥኩ እንዳልል እግሬ ተሳስሯል፤ ተራመድኩ እንዳልል ጽጌ ልትደርስብኝ አልቻለችም። ከኋላዬ “አይዞሽ! አይዞሽ!” ትላለች። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ልብስ ያሰጡ የነበሩ ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ነጠላቸውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም።

ማነው? ቤቴ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከሁለት አንዱ ነው።

በዚያች መታጠፊያ ላይ ከአፌ የወጣውን አልረሳውም። “አምላኬ፣ ልጄን ብቻ አታድርገው” አልኩ። ደጋግሜ አልኩት። “ሩትን ብቻ አታድርገው።” እያልኩ እያለ ምን እያልኩ እንደሆነ ገባኝ። ገብቶኝም አላቆምኩም።

ስታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። የእድራችን ድንኳን፣ ያ ትንሹ ነጭ ሸራ፣ በራችን ላይ ተተክሏል። ከጎኑ ሦስት መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አድርገው፣ ለቀብር እንደሚወጡ ሆነው ተደርድረዋል።

“ሩትዬ!” ብዬ ጮህኩ። እኔ ስጮህ ከኋላዬ የተከተሉኝ ሴቶች “ወይኔ! ወይኔ!” እያሉ ተቀበሉኝ። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከድንኳኑ ውስጥ ሩት ብቅ አለች። እጇ ላይ መዶሻ አለ። “እማ? ምን ሆንሽ? እማ!” ብላ እየሮጠች መጣች። ፊቷን ያዝኩት። ፀጉሯን ያዝኩት። ትሞቃለች፣ አቧራ አቧራ ትሸታለች፤ ልጄ ናት። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ግን ሁለተኛው ሐሳብ መጣ። ሩት ካለች፣ እንግዲያው…

ከመጨረሻው መኪና ኋላ ጌታቸው ወጣ። የድሮ ሹፌርነት ኮፍያውን አድርጎ፣ እጁ ላይ የመለኪያ ገመድ ጠቅልሎ፣ መኪና ሲያስገባ ስለነበር ላብ አጥምቆታል። እኔን አፈር ላይ፣ ሴቶቹን በለቅሶ ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ጽጌ ዞረ።

“ማነው የሞተው?” አላት።

ጽጌ ለቅሷዋን አቋርጣ እሱን አየችው። ከዚያ ድንኳኑን አየችው። “እኛ ምን እናውቃለን? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ድንኳን የተከላችሁ?” አለችው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ለካ ልጆቹ ድንኳን ሲያጡ “እድራችን አለ አይደል?” ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ጌታቸው ራሱ ነው። ጠዋት የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ቶሎሳ ጋ ሄዶ፣ ለሙከራ ነው ብሎ ትንሹን ድንኳን አስወጣ። ድንኳኑና ሦስቱ መኪኖች በዚያች ታጥራ በምትሰጣቸው ቦታ ይገቡ እንደሆነ በገመድ ለክተው ሊሞክሩት ነው። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ በር ላይ ተከሉት። እኔ ከሱቅ ሳልመለስ አፍርሰው ሊመልሱ ነበር። ስልካቸው ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ የእድሩ ሸራ በሰው ትከሻ ሲያልፍ ከበራቸው ሆነው አዩ፤ መኪኖች መደርደራቸውን ከሌላ ሰው ሰሙ፤ ይበቃል። ለቅሶ ቤት በር ላይ ሄዶ “ማን ሞተባችሁ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ሌላው የሚያውቅ መስሎት ነጠላውን አዘቀዘቀ። እትዬ አስካለ ደግሞ “ድንኳኑን ብቻዋን እንዳታየው” ብለው በዚያ ጉልበታቸው ፌርማታ ድረስ ወጡልኝ። ከእኔ በፊት ስንት ታክሲ እንዳራገፈ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ጋሽ ቶሎሳ ጩኸቱን ሰምተው መጡና ጌታቸው ላይ ወረዱበት። “እኔ ግቢህ ውስጥ ትዘረጋው መስሎኝ እንጂ! ሠርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የእድር ድንኳን በር ላይ ይቆማል? ሰው ልትገድል ነው?”

እትዬ አስካለ እያነከሱ ደረሱ። ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን፤ ቆጠሩን ማለት ይሻላል። “ተመስገን” አሉ። ቀጥለው፣ “ይነቀል! አሁኑኑ! ፀሐይ ሳትጠልቅ!” አሉ።

አንዷ ጎረቤታችን ለልጆቿ የቀቀለችውን ንፍሮ በትሪ ይዛ መጥታ ነበር። ለለቅሶ የወጣ ነገር ወደ ቤት አይመለስም ብላ እዚያው አዞረችው። ሰው ድንጋጤው ሲለቀው ሳቅ ያዘው። ጌታቸውም እፍኝ ዘገነና፣ “እንግዲህ የራሴን ንፍሮ ልቅመስ!” አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ እጁን መታሁት። ንፍሮው አፈር ላይ ተበተነ። ሳቁ ቆመ።

“ምነው አንቺ? ቀልድ እኮ ነው” አለኝ።

ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ሲመሻሽ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ከተበተነ በኋላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። “ይቅርታ፤ አሳምሬ ያቀድኩ መስሎኝ ነበር” አለ። ቀጥሎም፣ “ለመሆኑ የማንን ሞት ነበር ያሰብሽው?” አለኝ።

“የሁላችሁንም” አልኩት።

ሩት ስታለቅስ አመሸች። “በቃ አልሄድም፤ ይቅር” አለች። እኔ ግን ያን ቀን የፈራሁትን ያህል የምፈራው ነገር ሐይቅ ዳርም ቢሆን የለም። “ትሄጃለሽ” አልኳት። በማግስቱ ሱቅ ገብቼ ውሃ የማያስገባ ሸራ ገዛሁና ድንኳን መስፋት ጀመርኩ። ከላይ ከመጋረጃ የተረፈኝን ጨርቅ አለበስኩት፤ ቀይ አበባ፣ ቢጫ አበባ፣ ደማቅ የተባለውን ሁሉ። ማንም ከሩቅ አይቶ ለቅሶ እንዳይመስለው ነው። ምሰሶውን ጌታቸው ከቀጭን ቱቦ ሠራው። ግቢ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን ሞከርነው። አንዱ ጥግ የልብስ ማጠቢያው ላይ ወጣ እንጂ ቆመ።

ሄዱ፤ በሰላም ተመለሱ። ሩት ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ድምፅዋ በጩኸት ተዘግቶ መጣች። ያ ሁሉ ድንኳን አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ቦታው የጠፋበት ሰው ሁሉ “ከባለ አበባው በስተግራ” እየተባለ ነበር አሉ የሚመራው። መኪኖቹም አፍንጫቸው ወደ መውጫው ስለነበር ቀድመው ወጡ። ጌታቸው ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል።

በዚያች መታጠፊያ ላይ ያልኩትን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ጥፋት ነው አልልም፤ እናት ነኝ፤ ነገም ቢመጣ ያንኑ የምል ይመስለኛል። ግን አብሮኝ ያረጀውን ሰው በአንድ ትንፋሽ አሳልፌ እንደሰጠሁት እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም።

ድሮ ሱቄን ስዘጋ የምደውለው ለሩት ነበር። አሁን መጀመሪያ የምደውለው ለጌታቸው ነው። ስልኩ ሲጠራ ትንፋሼን እይዛለሁ።

“ምን ፈለግሽ?” ይለኛል ሲያነሳ።

“ምንም” እለዋለሁ። “መጣሁ።”