ከግድግዳው ወዲያ

በደርግ ዘመን ላሊበላ ላይ ልጆቼን ያሳደግሁት ካቶሊክ ሆኜ ነው። በቀበሌም በሰፈርም ጣት እንዳይቀሰርባቸው ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት መቁጠሪያዬን የምደግመው በሹክሹክታ ነበር። የመጨረሻዋን ልጄን ኮን ከተማ ድሬ በሸኘሁ ማግስት ግን፣ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልፈራ? ድምፄን ለቀቅሁት። የተሸከምኩትን ነዶ የጣልኩ ያህል ቀለለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ የቄስ ሚስት፣ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ እኔም አፌን አሹዬ ጠበቅኋቸው።

«እሰይ ልጄ» አሉኝ፤ «ይኸን ሁሉ ዘመን ስታንሾካሽኪ፣ መጨረስሽን ለማወቅ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ኖርኩ። አሜንሽን ሳልሰማ እሳት አንድጄ አላውቅም፤ ጸሎትሽ ላይ ጭስ እንዴት ልስደድብሽ?»