ለሚስቅ ሰው የተሠራ አልበም

ባለቤቴ ያረፈው ልጃችን ገና አፏን በምትፈታበት ጊዜ ነው። እኔ እሱን የማስታውስበት ነገር አላጣሁም። በር ሲንኳኳ፣ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ፣ ከአጥር ማዶ ጎረቤት ሲስቅ ድቅን ይልብኛል። ልጄ ግን ከፎቶ በቀር ምንም አልነበራት። ፎቶዎቹም ጥቂት ናቸው። ከጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ጋር በአንድ ፖስታ ታሽገው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እኔ ከቀብሩ ወዲህ ከፍቻቸው አላውቅም።

የከፈተቻቸው እሷ ናት። ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት፣ ዝናቡ የፍኖተ ሰላምን ቆርቆሮ ሁሉ በሚቀጠቅጥበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ደርድራቸው አገኘኋት።

«እማዬ፣ አባዬ ቁጡ ነበር?»

«ማን? አባትሽ?»

«ታዲያ ለምን ያፈጥብኛል?»

እውነቷን ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶ ቤት የሚገባ ሰው ለፍርድ የቀረበ ይመስል ነበር። ፎቶ አንሺው «ቀጥ! አገጭ ወደ ላይ! እንዳትነቃነቁ!» ይላል፤ ሰውም ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ባለቤቴ በመታወቂያው ላይ አፍጧል። በመንጃ ፈቃዱ ላይ አፍጧል። በሠርጋችን ዕለት እንኳ እጄን ይዞ አፍጧል፤ ሚዜውም ከጎኑ አፍጧል።

ሰውየውን የሚያውቅ ግን ይህን ቢያይ አያምንም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። መሪውን ይዞ በሚያወራው ወሬ ተሳፋሪው እየሳቀ መውረጃው ያልፈው ነበር። ማንኩሳ መውረድ የነበረባቸው ሴትዮ ቡሬ ደርሰው «አንተ ባለጌ፣ በሳቅ አስረህ አመጣኸኝ!» ብለው ሲሰድቡት ሰምቻለሁ። ይህን ለልጄ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ፊት አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«አይመስልም» አለች።

ያ ቃል ጭንቀት ለቀቀብኝ። እሱን ማጣቴ ሳያንስ ልጄ የማታውቀውን ሰው እየፈራች ልታድግ ነው ማለት ነው። የሚስቅ አባት ነበረሽ ብዬ በአፍ ብነግራት ዓይኗ የሚያምነው ፎቶውን ነው። እንግዲያው ፎቶዎቹን ራሳቸውን እናስቃቸዋለን አልኩ። አልበም ልንሠራ ተነሣን።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወፍራም ወረቀት ገዝቼ በመርፌና በክር ሰፋሁት። የቀረውን ሁሉ ለቀማ አገኘነው። ባለሱቁ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ያስቀምጥልን ጀመር። ያለፈው ዓመት ካላንደር ባለ አበባ ነበር፤ አበባውን ዙሪያውን ቆርጠን አወጣን። የከረሜላ ልጣጭ በጥፍር ጀርባ ሲዳመጥ እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ቀዩን ከቢጫው አፈራርቀን ለጠፍነውና የሠርጉ ፎቶ ምንጣፍ ሆነ። ከአሮጌ ቀሚሴ ጥለት ቀደድኩ። ከእሱ ካፖርት ሁለት ቁልፍ ፈታሁ፤ እነሱ የአውቶቡስ ጎማ ሆኑ። አውቶቡሱን ከብስኩት ካርቶን ቆርጣ የሠራችው ልጄ ናት። መስኮቶቹን በብርማው ወረቀት ሠርታ በየመስኮቱ ክፍት አፍ ሣለችበት። ተሳፋሪዎቹ እየሳቁ ነው ማለት ነው።

የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ገጽ ለማሳመር የአገራችን ጌጥ በርበሬ ነው ብለን የበርበሬ ፍሬ ዙሪያውን ደረደርን። ወርቅ መሰለ። ገጹን በገለጥነው ቁጥር ግን ሦስታችን፣ እኔ፣ ልጄና የጎረቤት ድመት፣ እናነጥስ ነበር። እሱ ቢኖር በዚህ ብቻ አንድ ሳምንት ይስቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንባዬም መጣ፣ ማስነጠሴም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ሙጫውን የሠራሁት ከስንዴ ዱቄት ነው፤ በውሃ በጥብጬ እሳት ላይ አማስዬ። ትንሽ ቅቤም ጠብ አደረግሁበት፤ ወረቀቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን አልበሙን ብንገልጥ አይጥ ገብቶበታል። ከሠርጉ ፎቶ ላይ እኔንና ሙሽራውን ትቶ የሚዜውን ሱሪ ከወገቡ በታች ሙልጭ አድርጎ በልቶታል።

ጎረቤታችን መሪጌታ፣ ብራና የሚፍቁና መጽሐፍ የሚደጉሱ ሰው ናቸው፤ ልጄ አልበሙን ይዛ ሄዳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው መረመሩ።

«ልጄ፣ አይጡ ምን አጠፋ? ገንፎ ሠርታችሁ፣ ቅቤ ጨምራችሁ፣ በወረቀት ሸፍናችሁ አቀረባችሁለት። ባይበላ ነበር ነውሩ።»

«አባ፣ ሚዜው ግን ራቁቱን ቀረ!»

«አልብሺዋ! ደግሞ ለሙጫው ግራዋ ቀቅላችሁ በውሃው በጥብጡት። መራራ ነው፣ ይጸየፈዋል። ቅቤውን እናትሽ ለሽሮው ትተወው።»

ልጄ ለሚዜው ከጥለቱ ቀሚስ ሠራችለት። እስከ ዛሬ በባለ ጥለት ቀሚስ ቆሞ አፍጥጦ ይታያል። ሚዜው ራሱ ለመስቀል ሊጠይቀን መጥቶ ሲያየው «ይሄ ነገር ሰው እጅ እንዳይገባ!» ብሎ ለመነን።

እንዲህ እየተሳሳቅን ክረምቱ አለቀ፤ አልበሙም ሞላ። ልጄ ግን አንድ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጣ ስታበቃ ገፋ አደረገችው።

«ምነው?» አልኳት።

«አሁን ደግሞ አበባ መካከል ቆሞ ነው የሚቆጣው።»

ሳየው እውነትም አበባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ይመስላል። ወረቀቱ ይስቃል፣ አውቶቡሱ ይስቃል፤ ፊቱ ያው ነው። ያን ጊዜ ነው አንድ ፎቶ ትዝ ያለኝ።

ከመጋባታችን በፊት ቡሬ ገበያ ላይ፣ ካሜራ አንግቶ የሚዞር ፎቶ አንሺ አንስቶት ነበር። የገዛውን በግ በገመድ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልክ «እንዳትነቃነቅ» ሲባል በጉ የፎቶ አንሺውን የኋላ ኪስ ነክሶ ጎተተው። ፎቶው የወጣው ባለቤቴ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ለሁለት ታጥፎ ሲስቅ ነው። ፎቶ አንሺው «ተበላሽቷል» ብሎ በነፃ ሰጠው። እናቱ ለእኔ ይሁን ብለው ወሰዱት፤ እሳቸው ዘንድ ነው ያለው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ገጠር በእግር ነው። አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ መነኩሴ ናቸው፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። ደጃፋቸው ላይ ሙዳይ ሲሰፉ አገኘናቸው። ስመውን፣ አገላብጠው ስመውን፣ አስገቡን። የቤቱ ግድግዳ ዙሪያውን ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በሥዕለ ማርያምና በአሮጌ ካላንደር መካከል አንድ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል።

«እማሆይ፣ የአባቷን ፎቶ ልታይ ነው የመጣችው» አልኩ።

«የቱን?»

«የሚስቀውን።»

ስፌቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። «እኔም ካየሁት ቆየሁ። እሱ እየሳቀ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ እንዴት ሆነን እንተያይ? ጋረድኩት።»

ልጄ ጨርቁን እያየች «ሲስቅ ጥርሱ ይታያል?» አለች።

«ጥርሱ? ጉሮሮው ነው እንጂ!»

ተነሡ፤ ጨርቁን አነሡት። ልጄ በርጩማ ላይ ወጣች። አፍንጫዋ ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግታ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ማነው?» አለች።

እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«አባትሽ ነዋ፣ የኔ እመቤት!»

«አይደለም። አባዬ እንዲህ አይደለም። ቤት ወስጄ ከሌሎቹ ጋር ላስተያየው።»

ጫፉን በጥፍሬ ሞከርኩት። ከጋዜጣው ጋር አንድ ሆኗል፤ ትንሽ ሳብ ሳደርገው የበጉ ጆሮ አካባቢ ጫር አለ።

«ተይ! ተይ፣ አንቺ ልጅ!» አሉ እማሆይ። «በሊጥ ነው የለጠፍኩት፣ አይነሳም። ቢነሳስ? ልጄ ሁለት ጊዜ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«በሊጥ? አይጥ አይበላውም?» አለች ልጄ፣ እንባዋ እየወረደ።

«እኔ ቤት ድመቱ ሥራውን ያውቃል።»

«ይስጡኛ፣ እማሆይ!»

«ላንቺ ሰጥቼ እኔ ማንን ልይ?»

«እርስዎማ ጋርደውታል!»

«አንቺ!» አልኩና ክንዷን ያዝኩ። እማሆይ ግን በእጃቸው አስቆሙኝ። ጨርቁን አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፣ ከአልጋቸው ራስጌ አኖሩት።

«እውነቷን ነው» አሉ። ቆየት ብለውም «ቡሬ ሠርግ የሚያነሳው ጎረምሳ አለ አይደል? ይምጣና ከነግድግዳው ያንሳው። እኔም አየዋለሁ፣ እሷም ትወስደዋለች» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶ አንሺውን ይዘን ሄድን። ፎቶው ብቻውን ከሚነሳ እነሱም አብረው ይነሱ አለና አያትና የልጅ ልጅን ከሥሩ አቆማቸው። እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ጣሉ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ አሉ።

«እማሆይ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለ ጎረምሳው።

«መነኩሴ ፎቶ መነሳቱ አንሶ ደግሞ ይገልፈጥ? በል አንሳ!»

ያን ጊዜ ልጄ ጎንበስ አድርጋቸው በጆሯቸው አንድ ነገር አለች።

«የማንን?» አሉ እማሆይ።

«የሚዜውን! ሱሪውን! አሁን ቀሚስ ነው የለበሰው!»

እማሆይ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን፣ በሌላው የልጄን ራስ ይዘው ታጠፉ። ብልጭታው ያን ጊዜ በራ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ የራሴን ሳቅ ሰማሁትና ደነገጥኩ። ያን ያህል እንደሚጮኽ ረስቼው ነበር።

ስንሄድ ከስፌት የተረፈ ቀይና ወይን ጠጅ ስንደዶ በእቅፍ ሰጧት። ልጄ በየማታው እየጎነጎነች ክብ ክብ ጌጥ ሠራች። ለዚያ ፎቶ ክፈፍ እንዲሆን ብላ ነው። ፎቶው ግን ቶሎ አልመጣም። የጎረምሳው ፊልም ካላለቀ አይታጠብም፤ ፊልሙ እንዲያልቅ ደግሞ ሰው ማግባት አለበት። ጾመ ነቢያት ገብቶ ሠርግ ጠፋ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ዛሬም ማንም አላገባም?» ትለኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሾፌር፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ፣ ፖስታውን አምጥቶ ሰጠኝ። ከልጄ ቀድሜ ከፈትኩት። የካሜራው ብልጭታ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ መትቶት፣ ባለቤቴ ባለበት ቦታ የሚታየው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። በጉ አለ፤ ገመዱም አለ። ፊቱ የለም።

ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ወሰደችው። መስኮቱ ጋ ይዛው ሄደች። ስታለቅስ ላቅፋት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ነጩን አላየችውም። ሥሩ ያሉትን እማሆይን ነው የምታየው፤ የጠፋውን ዓይናቸውን፣ የተከፈተውን አፋቸውን፣ ለሁለት መታጠፋቸውን።

«እማዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬም እንዲህ ነበር የሚስቀው።»

«አዎ። ከእናቱ ነው የወሰደው።»

«መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዚያ ዓይን» አለች።

ሮጣ አልበሙን አመጣች። የበርበሬውን ገጽ ገልጣ፣ ፎቶውን ከመንጃ ፈቃዱ ጎን አስጠግታ አንዱን ከአንዱ ስታስተያይ ቆየች። ሁለታችንም አነጠስን። በጣቷ የአባቷን ትከሻ ነካችው፤ ከዚያ የዓይኑን ጥግ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ስንት ዓመት ያየሁትን ፎቶ ያኔ ገና ማየቴ ነው። አንዱ ትከሻ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ከንፈሩ የተገጠመው በቁጣ ሳይሆን በግድ ነው።

«እማዬ!» አለች ልጄ። «አልተቆጣም እኮ! ሳቁ ሊያመልጠው ነው!»

ቀጥላ መታወቂያውን ገለጠች። «እዚህም ይዞታል!» የሠርጉን ገለጠች። «እዚህማ ጉንጩን አሳብጧል፣ እይው!» ከገጽ ወደ ገጽ እየሄደች በየፎቶው ላይ ሳቁን የደበቀበትን ቦታ እያሳየች ጮኸች፤ እኔም ምን አስቆት እንደነበር ለእያንዳንዱ አንድ በአንድ እነግራት ጀመር።