የሱሩጅ እናት

የጀሙና ወንዝ ሞልቶ የምትኖርበትን ደሴት በዋጠ ጊዜ ኮሂኑር ገና ልጅ እግር እናት ነበረች። በአንድ ክንዷ የሙዝ ግንድ፣ በሌላው ሕፃኗን ሱሩጅን አቅፋ ስትንሳፈፍ ዋለች። ግንዱ አልከዳትም፤ ሕፃኑን ያቀፈው ክንዷ ግን ዛለ። እሷ ተረፈች። የልጁ አስከሬን አልተገኘም።

ሌላ ልጅ አልወለደችም። የአገሩ ሰው ሴትን በበኩር ልጇ ስም ይጠራልና፣ ዕድሜዋን ሙሉ «የሱሩጅ እናት» ስትባል ኖረች። ሩዝ ስትወቅጥ ለልጇ ያወጣችውን ሙሾ ታንጎራጉራለች።

ፀጉሯ ከነጣ በኋላ ናርጊስ የምትባል የሴቶች ጥናት ተማሪ ከከተማ በጀልባ መጥታ ሙሾውን ቀዳች።

«ኻላ» አለቻት፣ እንደ አክስት አክብራ። «የራስዎ ስም ማን ነው?»

«የሱሩጅ እናት።»

«እሱማ የልጅዎ ነው። አስተማሪዬ ‹ቃሉን የሰጠችሽን ሴት በራሷ ስም ካልጠቀስሽ ምንጭ ጠቀስኩ አትበይ› ትላለች። ስንት ዘመን ‹የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት› እየተባለ ተጻፈ!»

ጎረቤቷ ሞርጂና የፓን ቅጠሏን እያኘከች ሳቀች። «ንገሪያት እንጂ! አማትሽ ከመቃብር ተነሥተው ይቆጡሻል?»

«ኮሂኑር» አለች አሮጊቷ። ለገዛ ጆሮዋ እንግዳ ሆነባት። «ግን እሱን አትጻፊ። እንደሚጠሩኝ ጻፊ።»

ናርጊስ ዓይን አፋርነት መሰላት።

ክረምቱ ሲወጣ የታተመውን ጽሑፍ ይዛ ተመለሰች። የገጹን ግርጌ በኩራት አነበበች፦ «ኮሂኑር ቤጎም፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጀሙና ደሴት።»

አሮጊቷ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

«አለቀ፣ ኻላ።»

«ሱሩጅስ?»

ሞርጂና ማኘኳን አቆመች።

«አስተማሪዬ... አጠቃቀስሽ እንከን የለውም ብላኝ ነበር» አለች ናርጊስ።

«ኮሂኑር ያልሻት እኮ አባቷ ቤት የቀረች ልጃገረድ ናት» አለች አሮጊቷ። «አልወለደች፣ ልጅ አልሞተባት። ይህን ሙሾ ከየት ታውቀዋለች?»

«እንዲታረም እጠይቃለሁ» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ግን እንደማይሆን አስቀድሞ ተናገረ፤ ጽሑፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል።

አሮጊቷ አልተቆጣችም። እስከ ወንዙ ዳር ሸኘቻትና እጇን ያዝ አደረገቻት።

«ወረቀቱ ይቅር፣ ልጄ። ይህ ውሃ ለሱሩጅ መቃብር እንኳ አልተወለትም። ሰው እኔን ሲጠራ ስሙ ይነሣል፤ ከውሃው እጅ ያስጣልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ ስሞት እሱም ያልቃል። እስከዚያው ግን፣ ጀልባው ላይ ስትወጪ ጥሪኝ። ጮክ ብለሽ፣ ውሃው እንዲሰማ።»