ባለቤቴ በጾም ጠዋት የበላችበት ምክንያት

እኔ የቀለም ሰው አይደለሁም። ስሜን እፈርማለሁ፣ ሞተር ላይ የተጻፈ ቁጥር አነባለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ጻፍ ስላለችኝ ነው። በአፍህ ተናገረው ስትለኝ ሁለት ዓመት እምቢ ብያት ነበር።

ጅጅጋ የመጣሁት በጎልማሳነቴ ነው፣ የሰው ወፍጮ ልተክል። ተክዬ እመለሳለሁ ብዬ እዚሁ አረጀሁ። ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም ነው። አንድ ቀን ካቻቢቴ ረስቼ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴን ማድቤት ውስጥ ቆማ ቂንጬ ስትበላ አገኘኋት። እኛ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አንቀምስም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ መብላት አልችልም። መንጋጋዬ ይደክማል።»

«መንጋጋ? ስታወሪ ስትውይ የማይደክመው?» አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅሁ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ያየሁት ነገር ነበር። ከሰዓት ሲሆን የግራ ዐይኗ ቆብ ይወርዳል። ድምጿ በአፍንጫዋ ይወጣል። ስትስቅ ፊቷ የተቆጣ ይመስላል። እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን አጠፋሁ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ካኮረፈች ታኩርፍ አልኩ።

በሳምንቱ የጽዋ ማኅበራችን ተሰበሰበ፣ በጾሙ ሥርዓት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ከየአገሩ መጥተን እዚህ የተገናኘን ሰዎች ነን፤ መምህር አለ፣ ወታደር አለ፣ ባለሱቅ አለ። ምግብ ቀረበ። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ጎርሳ አገጯን በእጇ ደግፋ ትታገላለች። የቤቱ እመቤት «ብዪ እንጂ፣ ምነው ወጤን ተጸየፍሽው?» አለቻት።

እኔ ቀደምኳት። «ጠዋት በልታ ነው የመጣችው። ጾሙን ትታለች» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ።

ባለቤቴ ልትናገር ሞከረች፤ ድምጿ በአፍንጫዋ እየወጣ ተኮላተፈ፣ ማንም አልሰማትም። አንዱ የጠጣች መስሎት ወደ ጎን ሲያይ አየሁት። እኔም ያንን አይቼ ዝም አልኩ።

የንስሐ አባታችን እዚያው ነበሩ። ለብቻ ጠርተው «እውነት ነው ልጄ?» አሏት። ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። በቀን አሥራ ሁለት ስግደት ሰጧትና «ጉልበትሽ ይችላል?» ብለው ጠየቋት። አፏን ሳትከፍት እኔ መለስኩ፦ «ትችላለች አባ። ጠዋት ጠዋት እኮ እንደ ልጃገረድ ናት።»

እሷ ስግደቷን ጠዋት ልታደርስ ፈለገች። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ፣ ቆሜ ልቁጠር አልኩ። በነጋታው አሥር ሰዓት ላይ ጀመረች። አራቱን ደህና ሰገደች። አምስተኛው ላይ ዘገየች። ሰባተኛው ላይ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። በስምንተኛው ግንባሯ ሲሚንቶው ላይ ቀረ።

«ተነሺ» አልኳት። አልተነሳችም። «እልኸኛነትሽን ለሌላ አሳዪ» አልኩና ጫማዬን አድርጌ ወደ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ። የሰው ማሽላ ይጠብቀኝ ነበር።

ስመለስ ጎረቤታችን አቅፋ አስቀምጣታለች። ይህች ሴት ሶማሌ ናት፣ ከቀብሪበያ የሚመጣ ወተት ትሸጣለች። ጠዋት ባዶ ጀሪካኗን ግቢያችን ታስቀምጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትወስዳለች። ስታከብረኝ አዴር ትለኛለች፣ አጎቴ ማለት ነው። ያን ቀንም አዴር ብላ ጀመረች፣ ድምጿ ግን የአክብሮት አልነበረም።

«አዴር፣ አንተ የቆመ ሞተር ጥለህ ትሄዳለህ?»

«ታኮርፋለች እኮ...»

«ምን ታኮርፋለች! ጠዋት ስመጣ ጥርት አድርጋ ታወራኛለች። ማታ ስመጣ በአፍንጫዋ ነው። ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ። አንተ አንድ አልጋ ላይ እየተኛህ አላየህም?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

እዚህ ያያት ሐኪም ጠርጥሮ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም የባለቤቴ እጅ ላይ ሽቦ ለጥፋ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነርቧን ደጋግማ መታችው። በእያንዳንዱ ምት አውራ ጣቷ ይዘላል፣ ስክሪኑ ላይም መስመር ይነሳል። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ ሁለተኛው አነሰ፣ ሦስተኛው ከዚያ አነሰ፣ አራተኛው ደግሞ ከዚያ። ትንሽ አሳርፋ ስትመታው የመጀመሪያው እንደገና ረጅም ሆነ።

«ሽቦው ነው የተበላሸው?» አልኳት።

«ነርቩ ደህና ነው አባቴ፣ ጡንቻውም ደህና ነው። ችግሩ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።»

ስትገልጽልኝ እንዲህ ነው። የነርቩ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ጡንቻ አይዘልም። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥቂት ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ስሙን አሴቲልኮሊን ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ጡንቻው ላይ ይህን የሚቀበሉ ጥቃቅን በሮች አሉ። ሲነካቸው ይከፈታሉ፣ የጨው ቅንጣት ይገባል፣ በዚያ አዲስ ኤሌክትሪክ ይነሳና ጡንቻው ይኮማተራል። የባለቤቴ በሮች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ ያፈረሳቸውም ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የገዛ ሰውነቷ ነው። ነርቡ ሲደጋገምበት የሚረጨው እየቀነሰ ይሄዳል። የጤነኛ ሰው በር ትርፍ ስላለው አይታወቀውም። እሷ ትርፍ የላትም። ስታርፍ መልሶ ይሞላል፤ ጠዋት የምትበረታው ለዚህ ነው።

«ከስንተኛው ጀምሮ ነው የሚወርደው?»

«እንዳዩት ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ።»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ገብቷታል፤ ስግደቷን ቆሜ ቆጥሬባት ነበር። እኔ ስክሪኑን አየሁ።

ወፍጮ ሲቆም ሽቦውም ሞተሩም ደህና ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኘው ኮንታክተር ተበልቶ አገኘዋለሁ። ስንቱን ከፍቼ አጽድቻለሁ። ሳልከፍት ሞተሩ ሞቷል ብዬ ለባለቤቱ ተናግሬ አላውቅም። ለብረት ያደረግሁትን ለሚስቴ አላደረግሁም።

መድኃኒት ጀመረች። የተረጨው ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያቆይ ክኒን ነው፤ ከምግብ በፊት ትውጠዋለች። ስንመለስ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው።

«ለታመመ ጾሙም ስግደቱም ይቀርለታል። ለምን አልነገርከኝም?»

«አላወቅሁም ነበር አባ።»

«አልጠየቅኋትም በል።»

በሚቀጥለው ማኅበር ቆሜ «ባለቤቴ ታማ ነበር፣ በሐሰት ነው የከሰስኳት» አልኩ። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳሟት። እኔም ቀለል አለኝና ተቀመጥኩ።

ቤት ስንገባ «ግማሹን ነው የተናገርከው» አለችኝ።

«ምኑ ቀረ?»

«ወለሉ ላይ ጥለኸኝ የሄድከው።»

«እሱ የቤት ገመና ነው።»

«መብላቴን ስትናገር ገመና አልነበረም?»

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጨቀጨቀችኝም። እዚያ ወለል ላይ ስትራመድ ባየኋት ቁጥር ግን ዐይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ዘንድሮ ማኅበሩ እኛ ቤት ሊሆን ተራው ደረሰንና «ካፍህ ካልወጣ ጻፈው፣ ከወረቀት ታነበዋለህ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እስከዚህ ያለውን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። አንድም ቃል አላስወጣችም፣ አንድም አልጨመረች።

«ማታ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ አነበዋለሁ» አልኳት።

«አይሆንም። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ክኒኑንም ውጬ ፊቴ አይታዘዘኝም። ይቅር ስልህ የተቆጣሁ ይመስላቸዋል።»

«ይቅር ልትዪኝ ነው?»

«መጀመሪያ አንብበው» አለችኝ።