አዴር የማይነቃነቁበት ወንበር

ጅግጅጋ ባሕር የላትም፤ ጎረቤቶቻችንም በዚህ ይስቁብን ነበር። አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸውና፣ አዴር እያልኩ የምጠራቸው አጎቴ ግን ደወሌ ጉምሩክ ሲሠሩ ጅቡቲ እየወረዱ ዋና ስለለመዱ፣ እኔንም በግቢያችን አቧራ ላይ ዋናተኛ ሊያደርጉኝ ቆርጠው ነበር።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ረጅም ላስቲክ ከወንበሩ እግር ጋር አስረው ጫፎቹን ያስይዙኛል። ፊት ለፊታቸው ጎንበስ ብዬ፣ ውሃ እንደሚቀዝፍ ሰው ላስቲኩን ወደ ኋላ እስባለሁ።

«ግራ እጅሽ ሰነፈ» ይሉኛል፣ ሽርጣቸውን እያስተካከሉ።

«ደከመኝ፣ አዴር።»

«ባሕር ደከመኝ ብትዪው አይሰማሽም። እኔን ከነወንበሬ ያነቃነቅሽ ቀን፣ በማግስቱ ጅቡቲ ነን።»

ስንት ዓመት ሳብኩ፤ ንቅንቅ ብለው አያውቁም።

ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ግቢው ጭር ሲል፣ ወንበሩን ከነላስቲኩ ቦታው ላይ አገኘሁት። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ጫፎቹን ያዝኩ። ገና አንዴ ስስብ ወንበሩ ተንሸራቶ መጥቶ ጉልበቴ ሥር ቆመ።

«ተነቃነቀ፣ አዴር» አልኩ።