ቆቅ ፍለጋ

አባቴ «ጆሮዬ ከዳኝ» ማለት የጀመሩት ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ ነው። «ጠዋት ጠዋት ቆቅ አልሰማ አለኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ስቄ አለፍኩት። ሲደጋግሙት ግን ጭንቀቱ ኦሎምፒያ ያለው ቢሮዬ ድረስ ይከተለኝ ጀመር። ሥራዬን አቋርጬ እደውላለሁ፤ ድምፄን ይሰሙ እንደሆን ለማጣራት።

«ምን ያስጮህሻል? እየሰማሁሽ ነው» ይላሉ ተቆጥተው።

ያደግኩት ከጉርድ ሾላ ወደ ምሥራቅ፣ ያኔ ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከአጥራችን ጀርባ የጎረቤታችን የስንዴ ማሳ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ቆቆቹ ማሳው ዳር ይንጫጫሉ፤ አባቴ እሱን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። አጨዳው ካለቀ በኋላ ዋኔዎች ቃርሚያ ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ስንሮጥባቸው መሬቱ ራሱ ብድግ ያለ እስኪመስል ግር ብለው ይነሡ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ ስንዴው ሳይታጨድ በፊት ማማው ላይ ቆሞ ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ሲያባርር ይውላል። «እነዚህ እኮ ይጨርሱኛል» ይል ነበር። ዛሬ ማሳው በሙሉ ሕንፃ ሆኗል።

በመጨረሻ አባቴን ቦሌ አንዲት የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። ማዳመጫ አድርጋላቸው ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን እንዲያነሡ ነገረቻቸው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ጥፍሬን እበላለሁ። እጃቸው ግን ደጋግሞ ይነሣል።

«አባባ፣ ለዕድሜዎ ጆሮዎ በጣም ጥሩ ነው» አለቻቸው።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው የጠፉት ቆቆቹ ናቸዋ» አሉ።

መኪና ውስጥ እንደገባን «ወደ ቤት እንዳትነጂ» አሉኝ።

«ወዴት ልሂድ ታዲያ?»

«ማሳ እስኪገኝ ንጂ።»

አያትን አለፍን፤ ለገጣፎንም አለፍን። ግንብ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የአሸዋ ክምር ብቻ። ከቢሮ ይደወልልኛል፤ አላነሣም። ጤፍ ማሳ ስናገኝ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ማሳው ዳር ሣር የሚያጭዱ ሴትዮ አሉ። አባቴ በኦሮምኛ ሰላም ብለው ስለ ቆቅ ጠየቋቸው፤ መልሱንም ተረጎሙልኝ።

«ቁጥቋጦው ተመንጥሮ የት ይደበቅ ነው የሚሉት። ከወንዙ ማዶ ግን አልፎ አልፎ ይሰማል አሉ።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ቀደሙኝ። «ቀስ ይበሉ!» እያልኩ ተከተልኳቸው። ወንዙ አፋፍ ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅን። ልቤ አላርፍ አለኝ፤ ምንም ሳይሰሙ ይዣቸው ልመለስ ነው ብዬ። ድንገት አንድ ቆቅ ጮኸ። ቆቅ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል፤ ይህን ግን የተቀበለው አልነበረም። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አለ፤ በቃኝ» አሉ። መንገዱን ሁሉ ተኝተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጆሯቸው አንሥተው አያውቁም። የማላርፈው እኔ ሆኛለሁ። ጎሕ ሳይቀድ በረንዳ ላይ ወጥቼ አዳምጣለሁ፤ የአውሮፕላን ጩኸት፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው፣ አንዳንዴም ቁራ። ባለፈው ቅዳሜ «አባባ፣ ዛሬ ሰንዳፋ ድረስ እንሂድ?» ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ጋዜጣቸውን አጥፈው ጫማቸውን ፍለጋ ተነሡ።