አራት ጣሳ ለአንድ ሊትር

በደርግ ዘመን፣ ጤና ረዳት ሆኜ እንደተመረቅሁ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኮኪት ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ክሊኒክ ተመደብሁ። ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ ዘበኛ ነበራት። ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎና ከጎጃም የወረደው ሠራተኛ የሚጠጣው ከክረምት የተረፈ የኩሬ ውሃ ነው። በዚያ ዓመት ተቅማጥና ትውከት ገባበት።

የነበረን መድኃኒት በከረጢት የታሸገ፣ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት ነው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ይህንኑ ስደጋግም እውላለሁ።

አንድ ጠዋት አርባ ዓመት የሚሆነው የወሎ ሰው መጣ። ታናሽ ወንድሙ እርሻው ላይ፣ ዳስ ውስጥ ታሞ ተኝቷል። የሚያመጣበት መኪና ቢያጣ ለመድኃኒቱ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዟል። ስድስት ከረጢት ሰጠሁት።

«አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ በጥብጠው፣ አቀዝቅዘው ያጠጡት» አልሁት።

«እሺ እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ።

ከኋላው ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር። ሊትር ምን ያህል እንደሆነ ያውቅ እንደሁ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድሙን በቃሬዛ ይዘውት መጡ። ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ተገልብጧል፤ ምላሱ እንደ ቅርፊት ደርቋል።

«መድኃኒቱን አልጠጣም?»

«ጠብታ ሳላስቀር ነው ያጠጣሁት።»

«በምን በጠበጡት?»

ከወገቡ ያንጠለጠላትን ጣሳ ፈታ። ከሱዳን የምትገባ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚጠጣው በእሷ ነው።

«በዚችው ነዋ! አንዱን ከረጢት በአንድ ጣሳ። አቃጠለኝ፣ ባዶ ውሃ ስጠኝ ብሎ ለመነኝ። መድኃኒቱን እንዳያረክስበት ብዬ ከለከልሁት።»

የቀረችኝን አንዲት ጠርሙስ ግሉኮስ ሰቀልሁለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ጓደኞቹ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሲሄዱ ጣሳዋን አንስቼ ውሃ ሞላሁና ምልክት ባለው የሊትር መለኪያ ውስጥ ገለበጥሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ውሃው ከመስመሩ ደረሰ። ልጁ የጠጣው ጨው አራት እጥፍ የበረታ፣ ሰውነት የሚያደርቅ ነበር። ቀና ስል ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ከእኔ ጋር ሲቆጥር አራት ጣቱን አጥፏል።

«ሊትር ማለት ይህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ የገደልሁት።»

እርስዎ አይደሉም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «በሽታው ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ ሰውየው ማጭዱን ጥሎ፣ የሠራበትንም ሳይቀበል፣ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚወስደው መንገድ ብቻውን መሄዱን ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲያ ከእርሻ እርሻ እየዞርሁ የሠራተኛውን ዕቃ ሁሉ ለካሁ። በለስላሳ ጠርሙስ ሦስት ሙሉና ትንሽ ጭማሪ አንድ ሊትር ይሆናል። የውሃ ቅል ግን አንዱ ከአንዱ ስለማይመሳሰል የሊትሩን ልክ በምስማር ጫርሁበት። ሊትር የሚለውን ቃል ትቼ «አራት ጣሳ» ማለት ጀመርሁ። ብዙዎቹ ዳኑ፤ ዘግይተው የደረሱት ሞቱ።

በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ጻፍሁ። የሰውየው ወንድም የሞተበት ምክንያት በሚለው ቦታ «ተቅማጥ» ብዬ ሞልቼ ፈረምሁ።